ቅጠል ነው የተባለው ክኒን

ታላቅ እህቴ ሄርሊንዳ ዕድሜዋን ሙሉ ብርቱካን ስትለቅምና ስታሽግ ኖራ በመጨረሻ ጉልበቷ ከዳት። በቴክሳስ ደቡብ ጫፍ፣ በእኛ ሰፈር፣ ኢንሹራንስ ያለው ሐኪም ዘንድ ይሄዳል፤ የሌለው የእሁድ ገበያ ይወጣል። እዚያ መድኃኒት የሚሸጥ ዶን ኤቫሪስቶ አለ። ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ የሚያነብልን፣ የሄርሊንዳን ልጅ ክርስትና ያነሳ፣ አንደበቱ ማር የሆነ ሰው።

«ቅጠልና ሥራሥር ብቻ ነው፣ አበልጄ» አላት አንድ ጠርሙስ ክኒን እያቀበላት። «ኬሚካል የሚባል አልነካውም።»

ብዙም ሳይቆይ ተአምር አየን። የወንድማችን ልጅ ሰርግ ላይ ሄርሊንዳ ጫማዋን አውልቃ ጨፈረች። እኔም አጨበጨብኩላት።

ቆይቶ ፊቷ አብጦ እንደ ጨረቃ ክብ ሆነ። እግሯ ሲከሳ ሆዷ ገፋ፤ ቆዳዋ ሳስቶ በር ሲገጫት እንኳ ይበልዝ ነበር። ጎረቤቶች «ተመችቶሻል!» እያሉ ቀለዱባት። አንድ ቀን የልብስ ቅርጫት ልታነሳ ጎንበስ ስትል ወገቧ ቀጭ አለ። ያኔ ደንግጣ «ይሄ ክኒን ነው የበላኝ» ብላ ጠርሙሱን ቆሻሻ ውስጥ ወረወረችው።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ያስመልሳት ጀመር፤ ለመቆም ስትሞክር ትወድቃለች። ጠርሙሱን ከቆሻሻው አውጥቼ እሷን ደግፌ ሆስፒታል ሮጥኩ።

ዶክተር ቪያሬያል የምትባል ወጣት ሐኪም የሄርሊንዳን ፊት ትኩር ብላ አየች። «ምን መድኃኒት ይወስዱ ነበር፣ እናቴ?»

«ምንም። ቅጠል ብቻ።»

«ቅጠል እንዲህ አያደርግም። እዚህ ክኒን ውስጥ ስቴሮይድ የሚባል፣ እብጠትና ሕመም የሚያስታግስ ኃይለኛ መድኃኒት ሳይኖርበት አይቀርም።» በኋላ ክኒኑ ሲመረመርም ልክ ነበረች። «ሰውነታችን ይህን የመሰለ ሆርሞን ራሱ ይሠራል። ከውጭ ብዙ ሲገባለት እጢው ሥራ ይፈታል። ድንገት ሲቋረጥበት ደግሞ ባዶ እጁን ይቀራል። አሁን በመርፌ እንሰጥዎታለን።»

እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። «ያንኑ መርዝ መልሳችሁ ልትሰጧት ነው?»

«መርዝ አይደለም። አስም ያፈነውን ሰው ትንፋሽ የሚመልስ ትልቅ መድኃኒት ነው። ግን ልክ አለው፣ የሚከታተል ሐኪም ይፈልጋል፤ ሲቆምም ቀስ በቀስ ነው። እህትሽን የጎዳት ተደብቆ መሰጠቱ ነው።»

መርፌውን ተወግታ ያን ቀን ከሰዓት ሄርሊንዳ ቀና ብላ ሾርባ ጠየቀች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደሜ ፈላ። እንዲህ ያለውን ኃይለኛ ነገር ነው ሰውዬው ቅጠል ብሎ ያስዋጣት!

መራመድ እንደቻለች፣ ወገቧን በቀበቶ አስራ፣ ገበያ ወጣን።

«አበልጄ! እንዴት አምሮብሻል!» አለ ኤቫሪስቶ።

«አማረብኝ? ይሄ ፊት ያንተ ሥራ ነው።»

«እኔ ያመጡልኝን ነው የሸጥኩት። ውስጡን በምን አውቃለሁ?»

«የማታውቀውን ነው ለአበልጅህ ያበላኸው? እሁድ እሁድ እግዚአብሔርን ፍሩ እያልክ የምታነብልን አንተ አይደለህ?»

ከዚያ ወደ ገበያተኛው ዞረች። «ስሙኝ! ውስጡ የተደበቀ መድኃኒት አለበት። ግን የጀመራችሁ ዛሬውኑ እንዳትጥሉት! እኔ ጥዬው ልሞት ነበር። ጠርሙሱን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።»

ኤቫሪስቶ ድንኳኑን ነቀለ። ለጤና ቢሮ ብናመለክትም በሌላ ከተማ ገበያ መልሶ ተክሎታል አሉን።

ያን ቀን ወደ መኪናችን ስንመለስ ግን አንዲት በምርኩዝ የምትሄድ ሴት ተከተለችን። ግራ ቀኝ አይታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ከጠርሙሱ የተረፈሽ የለም?» አለቻት።

እኔ ልጮህባት አፌን ስከፍት ሄርሊንዳ እጄን ያዘችኝ። «የት ነው የሚያምሽ?»

«ዳሌዬን። እንቅልፍ የለኝም።»

ያለ ክፍያ ወደሚያክሙበት ክሊኒክ ይዘናት ሄድን። መንገድ ላይ ሴትየዋ «ግን እኮ ይሠራል» አለች፣ እንደማፈር ብላ።

«ይሠራል» አለች እህቴ። «እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄው መሥራቱ ነው።»

ክሊኒኩ ደጅ ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። ከኋላ ተሰለፍን።