እቤት የማያወራው

የአያትን የልጅ ልጅ ባል ጎረቤቱ ሁሉ «ዝምታው» ይለዋል። «ባልሽ ሬዲዮ ቢሆን ባትሪ በቀየርንለት!» ብለው የሚስቁም አሉ። አያት ግን እሱ ሲታማ አይወዱም፤ «ለፍላፊ ባል ምን ሊረባ!» እያሉ ይሟገቱለታል። ያሳደጓት የልጅ ልጃቸው፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ከልጅነቷ የሰው ጉያ ትወዳለች። ባሏ ሰዓት የሚጠግንበት ሱቁ በገባ ቁጥር «ደረስክ? በላህ?» እያለች ስትደውል፣ «ኧረ ተይው፣ ትንፋሽ አታሳጪው» ይሏታል። የባልና ሚስቱ ጨቅላ ልጅ ከሞተች ወዲህ ሚስቱ ስሟን ባነሳች ቁጥር ግን ብድግ ብሎ የማያንጠባጥብ ቧንቧ ያጠብቃል። «አንጀቱ ስለማይችል ነው፣ ቻይው» አሏት። ቻለችው።

ዛሬ መነጽሩን ረስቶ ወጣ። አያት «እጁን ይወጋል» እያሉ ሲብሰለሰሉ ቆይተው፣ ጉልበታቸውን እየረገሙ ይዘውለት ሄዱ። ሱቁ በር ላይ ሳይደርሱ ድምፁን ሰሙ። ያወራል! ያውም ያለማቋረጥ።

«እግሯ እየቀዘቀዘብኝ በመዳፌ ይዤ እተነፍስበት ነበር። አሁንም እጄን ስታጠብ ትዝ ትለኛለች።»

«አይዞህ የኔ ጌታ፣ አልቅስ» አለችው በጎን ሱቅ ቁልፍ የምትቀርጸው ሴት። እጁን ይዛዋለች። «ለሚስትህ ነግረሃታል?»

«እሷማ ትጠመጠምብኛለች። ካንቺ ጋር ነው የሚቀለኝ።»

አያት መነጽሩን እንደጨበጡ ተመለሱ። መንገዱን ሙሉ «ሱቁ ዝግ ነው» የሚል ውሸት ሲያበጁ መጡ። ልጅቷ ግን የስፌት መኪናዋን አቁማ እጃቸውን አየች።

«እማዬ፣ ምነው ሳትሰጪው መጣሽ? ፊትሽስ?»

«ምንም...»

«እማዬ!»

ነገሯት። የሕፃኗን እግር ማሞቁ ላይ ሲደርሱ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«እግሯን ይዞ ነበር?»

«አታውቂም እንዴ?»

«በምን ልወቅ! አላዘነም ብዬ ብቻዬን ሳለቅስ...» የያዘችውን ጨርቅ ጨመደደችው። «ምነው እማዬ፣ ያቺን ሴት ሲስማት ብቻ ባገኘሽው!»

ስልኳ ጮኸ። ደውሎ የማያውቀው ባሏ ነው። አያት እንደ ልማዳቸው «ቻይው» ሊሉ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ገጠሙት።

«መነጽሬን አየሽው?» አለ።

«እዚህ አለ። መጥተህ ውሰድ። ለቁልፍ ቀራጯ ያወራኸውን ለኔም ሳታወራኝ ግን ደጄን አታልፍም።»

ጠበቀችው። ስልኩን ዘጋባት።

ሲመሻሽ ወንድሙን ልኮ መነጽሩን አስወሰደ። አያት ከመስጠታቸው በፊት በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉት፤ በኋላም ለምን እንደጠረጉለት እያሰቡ ሲበሳጩ አመሹ።