ሁለት አባቶች

ድረስ የፈተና ወረቀቱን ሲገልጥ የገዛ አባቱን አገኘ። «አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ከሰው ፊት ይልቅ የዓባይን በረሃ ያውቀዋል» ብሎ ይጀምራል እንግሊዝኛው። የእናቱ ጥበቃ፣ የፍሬኑ መበጠስ፣ ቀብሩ፣ ሁሉም በየተራቸው አሉ። ከስምንት ዓመት የኖርዌይ ትምህርት በተመለሰ ሰሞን፣ የዩኒቨርሲቲው የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ምሳሌ እንዲያዩበት ብሎ ራሱ ጽፎ የበተነው ድርሰት ነው። አንዲት ቃል አልጎደለም።

የምደባ ፈተናውንም ያመጣው እሱ ነው። ያለፈ መደበኛውን የጽሑፍ ኮርስ ይወስዳል፤ የወደቀ ማጠናከሪያ ይገባል። ማጠናከሪያ የገባ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ሕግ መምረጥ አይችልም። ድረስ ይህን ያስጸደቀው መጻፍ ያልቻለ ሰው እንዴት ጠበቃ ይሆናል ብሎ ተሟግቶ ነበር። ሙግቱን አሁን ሲያስበው የእሱ አይመስለውም።

የወረቀቱን ባለቤት አስጠራው። ዘመንፈስቅዱስ የሚባል ከአምበር ገጠር የመጣ ልጅ ነው፤ ዲያቆን። ደብረ ወርቅ ዜማ ቤት ስድስት ዓመት ተቀምጦ ነው ወደ አስኳላ የዞረው። ተቀመጥ እስኪባል ቆመ።

«አባትህ ሹፌር ነው?»

«የለም መምህር። ሹፌሩ የእርስዎ አባት ናቸው። የእኔማ ገበሬ ነው።»

«ታዲያ ለምን አባቴ ብለህ ጻፍክ?»

«እርስዎ አባቴ ስላሉ ነዋ።»

የሚቀልድ መስሎት ፊቱን አየው። አይቀልድም። በዜማ ቤት መምህሩ የሰጡትን ሳያጎድሉና ሳይጨምሩ መልሶ ማሰማት ነው ትምህርቱ፤ ከራሱ የጨመረ ይገሠጻል። ምሳሌ ነው ተብሎ ሲሰጠው ሁለቱን ገጽ በሦስት ቀን አጠናው። ነፍሳቸውን ይማር እያለ እንደጻፈውም ነገረው። ሕግ የፈለገበትን ሲጠየቅ፣ አባቱ በእርሻ መሬት ክርክር አራት ዓመት ፍርድ ቤት እንደተመላለሰ ተናገረ።

ተማሪው ከወጣ በኋላ፣ ከድረስ ጎን ተቀምጦ የሚያርመው ባልደረባው እንዳላማው ሳቁን ለቀቀው። ከእሱ ክምር ውስጥም የድረስ አባት ሠላሳ ጊዜ ሞቷል፤ አንዱ ባጃጅ ነጂ አድርጎታል፣ አንዷ እናቷን ሹፌር አድርጋለች። ቃል ስለቀያየሩ ሁሉንም አሳልፏቸዋል።

«ይሄ ሞኝ ዜማ ቤት ስለቀረ ነው» አለ። «ቅኔ ቤት ቢሻገር ኖሮ አባትህን አሳምሮ ይሰርቅህ ነበር። አሳልፈውና እንገላገል።»

ድረስ ግን ኖርዌይ ሳለ እንዲህ ያለው መገልበጥ ስርቆት ነው ተብሎ ተምሯል። ሪፖርት ቢያደርገው ልጁ ለአንድ ዓመት ይታገዳል። ይህም አልሆነለትም። በማግስቱ ጠርቶት ባዶ ወረቀት ሰጠው። «የራስህን አባት ጻፍ» አለው። «የማርመው እኔ ነኝ፤ አትፍራ።»

ልጁ አንድ ሰዓት ሙሉ አቀርቅሮ ስምንት መስመር ጻፈ። አባቱ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊው ፊት ቁጢጥ ብሏል። ጸሐፊው ምንም ሳይጠይቀው መጻፍ ይጀምራል። ጽፎ ሲጨርስ ያነብለታል። አባቱ ይሰማል፤ የሰማው የራሱን ሳይሆን የጎረቤቱን ጉዳይ ነው፤ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ይፈርማል። እንግሊዝኛው ጊዜው የተምታታ፣ አንቀጽ የሌለው ነበር። ድረስ ሦስት ጊዜ አነበበው። ከክምሩ ሁሉ ሰው ያለበት እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ የነጥብ ሰንጠረዡን አወጣ። ለሐሳብ ሙሉ። ለአወቃቀር ዜሮ። ለሰዋስው ጥቂት። ድምሩ አርባ አንድ መጣ፤ ማለፊያው ሃምሳ ነው። እንዳላማው ሁለተኛ አራሚ ሆኖ እስክሪብቶውን አነሳ።

«ስንት ልፈርም? ሃምሳ በለኝ፣ እፈርማለሁ።»

ድረስ ሰንጠረዡን አየ። ከታች «ያዘጋጀው» ከሚለው ጎን የራሱ ስም አለ።

«አርባ አንድ ነው።»

ያደረግሁት እውነተኛነት ነው ብሎ በልቡ ወጣ። ደረጃውን ሲወርድ ፍርሃት እንደነበር ገባው። አልተመለሰም።

ሰኞ የማጠናከሪያ ገቢዎች ስም ዝርዝር ተለጠፈ። ዘመንፈስቅዱስ ቢሮ መጣ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ቆሞ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ።

«መምህር፣ የእርስዎ አባት ቢታረሙ ስንት ያገኙ ነበር?»

ድረስ መዋሸት ይችል ነበር።

«ከሰማንያ በላይ።»

ልጁ ራሱን ነቀነቀ።

«እንግዲያው አባቴን ባላመጣው ይሻለኝ ነበር» አለና፣ ለመምህር እንደሚገባ እጅ ነሥቶ ወጣ።