የፊዴላ እግር

ሲስተር ኦርቴንሲያ የጤና ጣቢያዋን በር ቆልፋ ዳገቱን ስትወጣ ቆሽቷ አርሯል። እናቷ ፊዴላ ዛሬም ሆስፒታል አልሄድም ብላ፣ የበሰበሰ እግሯን እየጎተተች ዶን ግሪማልዶ ቤት ገብታለች አሉ። ግሪማልዶ! ሕመምተኛን በኩይ የሚያሽ፣ ከዚያ ኩይዋን ሰንጥቆ ሆድ ዕቃዋ ላይ በሽታ የሚያነብ! ኩይ እኮ ከአይጥ ተለቅ፣ ከጥንቸል አነስ የምትል፣ ለበዓል ተጠብሳ የምትበላ የቤት እንስሳ ናት። ድንቄም ራጅ!

ስኳር ያለበት ሰው እግር ቀልድ አያውቅም። ኦርቴንሲያ ቁስሉን ያየችው ባለፈው እሑድ እናቷን ልትጠይቅ ስትሄድ ነው፤ ያውም ሽታው መርቷት። ከአውራ ጣቷ እስከ ተረከዟ ጠቁሯል። ሦስት ቀን ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች። ፊዴላ ግን "ዶን ግሪማልዶ ይዞልኛል" ከማለት ሌላ መልስ የላትም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አሁን ካልሄደች እግሯን፣ ከዘገየች ደግሞ ነፍሷን ታጣለች።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ሕዝብ ከትባለች፣ አዋልዳለች፣ መግሉን አጥባለች። ምስጋናው ታዲያ የታለ? ክኒን ስትሰጠው ለዶሮ ይበትናል፤ ግሪማልዶ አረቄ በአፉ ይዞ ሲረጨው ግን አሜን ብሎ ይቀበላል። መሃይም መሃይምን አያጣም ትላለች ኦርቴንሲያ። በልቧም አይደለም፤ አፏን ሞልታ፣ ሰልፈኛው እየሰማ ነው የምትለው።

የግሪማልዶ ግቢ ስትደርስ ጉድ አየች። ቀጠሮ የቀሩባት ሁሉ አግዳሚው ላይ ተኮልኩለዋል። "መኪና አጣሁ" ያለቻት ነፍሰ ጡር አለች። "ወገቤ አላላውስ አለኝ" ያለው ቶሪቢዮም እግሩን አነባብሮ የኮካ ቅጠሉን ያኝካል።

"ወገብህ ዳገት ሲሆን ይሻለዋል አይደል?" አለችው።

"እዚህ እኮ ቁጭ ይባላል ሲስተር" አላት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። "አንቺ ጋ የሚታከመው መቆም የሚችል ነው።"

"እንዲያውም!" ብላው ገባች።

እናቷ የበግ አጎዛ ላይ ተቀምጣለች። ግሪማልዶ ጥቁሯን ኩይ ይዞ ከፊዴላ አናት ጀምሮ እያሸ ይወርዳል፤ እያሸም ይጠይቃል። እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ሟቹ ባልሽ በሕልምሽ ይመጣል? ማን ያበስልልሻል? ፊዴላም አንድ በአንድ ትመልሳለች። ከአልጋ ስትወርድ ሁለቴ እንደወደቀች ተናገረች። ኦርቴንሲያ ይህን ሰምታ አታውቅም፤ አለመስማቷ ደግሞ ይብስ አናደዳት።

"ይብቃ!" አለች። "እማዬ፣ ተነሺ! አንተ ደግሞ አታፍርም? የደም ግፊት ክኒንህን በየወሩ የምትወስደው ከማን ነው? አንተስ ለምን በኩይ አትታሽም?"

"የኔ ግፊት ክኒን ይወዳል" አለ ግሪማልዶ፣ ምንም ሳይደነግጥ። "ቆይ ልጨርስ፣ ልጄ።"

ኩይዋ እጁ ላይ ሞታለች። ሰነጠቃትና በውሃ አጠባት። ከዚያ የኋላ እግሯን ገልብጦ አየ፤ ደም ቋጥሮ ጠቁሯል። አጥብቆ ሲጨምቃት ነው የቋጠረው፤ ይህን ለማወቅ ነርስ መሆን አያስፈልግም። ግሪማልዶ ግን ጳጳስ ይመስል ጣቱን አነሳ።

"ፊዴላ፣ ነገሩ አጥንት ደርሷል። ከኔ አቅም በላይ ነው። ዛሬውኑ ሆስፒታል ግቢ።"

"እሺ" አለች ፊዴላ፤ ሻሏንም አነሳች።

እሺ! ኦርቴንሲያ ኩም አለች። ሦስት ቀን ስትለፈልፈው የከረመችው ነገር ከሞተች እንስሳ ሆድ ሲወጣ፣ እሺ! ደስ ሊላት ሲገባ ጭራሽ ንዴቷ ባሰ።

ሆስፒታል የደረሱት ከሰዓት በኋላ ነው። ወጣቱ ሐኪም ጨርቁን ፈትቶ እግሩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

"ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ይቆረጣል፤ ሌላ መላ የለውም" አለ። "ከሦስት ሳምንት በፊት መጥታ ቢሆን ኖሮ አጥበን በመርፌ እናድነው ነበር።" ይህን ብሎ የፈቃድ ወረቀቱን ሊያመጣ ወጣ።

"ሰማሽ?" ኦርቴንሲያ ጮኸች። "ሦስት ሳምንት ሙሉ በኩይ ስትታሺ! ነርስ ልጅ እያለሽ! ምን አጥተሽ ነው? ንገሪኝ እስቲ፣ ምን ጎድሎብሽ ነው እዚያ አጭበርባሪ ጋ የሄድሽው?"

"መጀመሪያማ አንቺ ጋ ነው የመጣሁት" አለች ፊዴላ ቀስ ብላ።

"መቼ?"

"የክትባቱ ሰኞ፣ የዛሬ ሦስት ሳምንት። ለእናቷ አዳላች እንዳይሉሽ ብዬ እንደ ሰው ተሰለፍኩ። እግሬ እየነደደኝ እስከ እኩለ ቀን ቆምኩ። መስኮቱ ጋ ስደርስ አንቺ አቀርቅረሽ ትጽፊያለሽ። 'ስም?' አልሽኝ።"

ኦርቴንሲያ አጠገቧ ያለው ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

"እኔን፣ ስም! አፌ ተሳሰረ። ዝም ስልሽ ጊዜ ቀና እንኳ ሳትዪ 'የራሷን ስም የማታውቅ መድኃኒቷን በምን ልታውቅ ነው? ቀጣይ!' አልሽ። ሰልፈኛው በሙሉ ሳቀ። የሲስተር እናት እኮ ናት ብለው እንዳያሳፍሩሽ፣ ባርኔጣዬን ዓይኔ ላይ ደፍቼ ወጣሁ።"

ኦርቴንሲያ ያን ሰኞ ለማስታወስ ብዙም አልተቸገረችም። የእናቷ ፊት አልመጣላትም፤ አላየችውምና። የመጣላት ሳቁ ነው። እሷም አብራ ስቃ ነበር።