መቆም የሌለባቸው በቅሎዎች

ቨርሊን ስትራውድ ዕድሜውን በሙሉ በቅሎ ሲጭን የኖረ ሰው ነው። በሰባ አራት ዓመቱ እንኳን ጠፍር የሚያጠብቀው ዐይኑን ጨፍኖ ነው። በዚያ የነሐሴ ማለዳ ግን አራቱን የወተት ጣሳዎች በሁለቱ በቅሎዎች ላይ ጫነ፣ አጠበቀ፣ ፈታ፣ እንደገና አጠበቀ። የገዛ እጁን ማመን አቅቶት ነበር።

ጣሳዎቹ ወተት ከያዙ ከሃምሳ ዓመት በላይ አልፏቸዋል። የዚያን ቀን የያዙት ቀዝቃዛ የጅረት ውሃና ከትንሽ ጣት የሚያንሱ የዓሣ ጫጩቶች ነው። ሲያድጉ ጉሮሯቸው ሥር ቢላ የነካቸው ይመስል ቀይ መስመር ስለሚያወጡ የዊንድ ሪቨር ተራሮች ሰው ቀይ ጉሮሮ ይላቸዋል። የዚያ ሸለቆ ቀይ ጉሮሮ ዘሩ የተረፈው ከአንድ ፏፏቴ በላይ ባለች፣ ሰው በአንድ እርምጃ በሚሻገራት ጅረት ውስጥ ብቻ ነበር። የዓሣ ባለሙያዋ ዶክተር ሬናታ ኪንታና ወላጆቹን ከዚያች ጅረት አንድ በአንድ ለቅማ ስታራባ ሁለት ዓመት ፈጅታለች። አሁን ጫጩቶቹን ወደ ስትራውድ ሐይቅ ሊያደርሱ ነው፤ ዘጠኝ ማይል ሽቅብ።

ሐይቁ በቨርሊን ቤተሰብ ስም የተጠራው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ አገር ድሮ ትልቅ ዓሣ የሌለበትን ሐይቅ ዝም ብሎ ማለፍ ስንፍና ነበር። ጎበዝ የተባለ ባለ በቅሎ ሁሉ ከምሥራቅ በባቡር የመጣ፣ ጀርባው የተዥጎረጎረ ዓሣ በወተት ጣሳ እየጫነ ተራራ ላይ ወጥቶ ይደፋ ነበር። አጥማጁ እንዲደሰት፣ ከተማው እንግዳ እንዲያገኝ ነው እንጂ ክፋት አልነበረበትም። የምሥራቁ ዓሣ ግን የባለቤቶቹን፣ የቀይ ጉሮሮዎቹን፣ ምግብም ጫጩታቸውንም በላ። በሃያ ዓመት ውስጥ በሐይቁም፣ ከሐይቁ በታች ባለው ወንዝም አንድ ቀይ ጉሮሮ አልቀረም። እንግዲህ የቨርሊን አባት ስሙ ካርታ ላይ የሰፈረው ለዚህ ውለታው ነው። ሬናታና ባልደረቦቿ የእሱን ዓሦች በመረብ አውጥተው ለመጨረስ አራት በጋ ለፍተዋል።

ጫጩቶቹን ሄሊኮፕተር ሊያደርሳቸው ታስቦ ነበር። ወደ ሰሜን የተነሳው ሰደድ እሳት ሄሊኮፕተሮቹን ሁሉ ወሰደ፤ የጫጩቶቹ ጊዜ ደግሞ አይጠብቅም። ቨርሊን ይህን ሲሰማ ከጎተራው ጥግ የአባቱን ጣሳዎች አወጣ፣ በፈላ ውሃ አጠባቸው፣ ለሬናታም ደወለ። ክፍያ ስትጠቅስለት ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

የዓሣ ጭነት ሕጉ አንድ ነው፤ በቅሎዋ መቆም የለባትም። ስትራመድ ውሃው ይንቦጫቦጫል፣ አየር ይገባበታል፣ ዓሣው ይተነፍሳል። ከቆመች ጣሳው ውስጥ ያለው ሁሉ ይታፈናል። ስለዚህ ቁርስ የበሉት እየተራመዱ ነው። ሬናታ ጫማዋን ለማሰር ስትጎነበስ እንኳን ቨርሊን ሁለቱን በቅሎዎች፣ ሂልዳንና ፐርልን፣ እየሳበ ጥሏት ሄደ፤ እሷም እየሮጠች ደረሰችበት።

ስድስተኛው ማይል ላይ ጉድ ፈላ። ሌሊት በነፋስ የወደቀ፣ አንድ ሰው አቅፎ የማይጨርሰው ጥድ መንገዱን ዘግቶ ተጋድሟል። በቀኝ ገደል፣ በግራ ቋጥኝ ነው፤ መዞሪያ የለም። በዚያ ጫካ ሞተር ያለው ነገር ሁሉ ክልክል ስለሆነ ባለ በቅሎ ሁሉ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ የሚስበው ረጅም መጋዝ አይለየውም፤ ቨርሊንም ይዟል። ችግሩ የሰው ነው። አንዳቸው በቅሎዎቹን ማራመድ አለባቸው። ሬናታ ገመዱን ተቀብላ በጠባቧ መንገድ ላይ ወዲያና ወዲህ ትመላለስ ጀመር። እሱ ብቻውን መጋዙን ያዘ፤ መጋዙ ግን ማዶ የሚስበው ሰው ሲያጣ ይልመጠመጣል እንጂ አይቆርጥም። ሩብ ሰዓት ታግሎ ያገኘው አንድ ስንዝር የማይሞላ ጭረት ነው። ፀሐይዋ እየጠነከረች፣ ጣሳዎቹም እየሞቁ ሄዱ።

ጋርላንድ ፒውት ከታች በኩል የደረሰው ይህን ጊዜ ነው። ጡረታ የወጣ መካኒክ ነው፤ ሠላሳ በጋ በስትራውድ ሐይቅ ዓሣ አጥምዷል። ሐይቁ ባዶ ከተደረገ ወዲህ ከቨርሊን ጋር ዐይን ለዐይን አይተያዩም። በከተማው ስብሰባ ላይ ቨርሊን ሐይቁ ይጽዳ ብሎ ስለደገፈ ተነስቶ፣ የአባቱን ሥራ ያፈረሰ ልጅ ብሎ ሰድቦታል። ጥዱንም፣ መጋዙንም፣ በቅሎዎቹንም አየና ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አደረገ።

«ሽማግሌው፣ ብቻህን ሁለት ሰው ሆንክ እንዴ?»

«አንተ ካገዝከኝ አንድ ተኩል እንሆናለን» አለ ቨርሊን ቀና ሳይል።

ጋርላንድ አልሳቀም። ባዶ ሐይቅ ምን እንደሚመስል ሊያይ እንደመጣ፣ አባትየው የሰጣቸውን ዓሣ ያስጨረሰ ሰው ደግሞ የሚታገዝበት ምክንያት እንደማይታየው ተናገረ። ሬናታ ከበቅሎዎቹ ጋር እየተመለሰች ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ቨርሊን በእጁ ዝም አሰኛት። መጋዙን ለቀቀው።

«አባቴ አይደለም የሰጣችሁ» አለ። «አባቴማ ታችኛው ሐይቅ ጋ ስንደርስ በቅሎዎቹ ደክመዋል፣ እዚሁ ደፍተን እንመለስ ብሎ ነበር። ዓሣው እዚያ ቢቀር ከላዩ ያለው ፏፏቴ አያሳልፈውም፤ ላይኛው ሐይቅ ይተርፍ ነበር። እኔ ነኝ ላይ ድረስ ካልወጣን ብዬ ያስቸገርኩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የደፋሁትም በዚህ እጄ ነው። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ጋርላንድ። ሳልሞት ልመልሰው ነው የምፈልገው፤ እነዚህ ደግሞ እየታፈኑብኝ ነው።»

ጋርላንድ ቦርሳውን አውርዶ በግንዱ ላይ ተሻገረና ማዶ ያለውን እጀታ ያዘ።

«እንዳትገፋ» አለው ቨርሊን። «መሳብ ብቻ።»

«እናውቃለን፣ ሰውዬ። ሳብ።»

አርባ ደቂቃ ሳቡ። መጋዙ አንዴ ስልት ካገኘ ወዲያ ድምፁ የሚያስተኛ ነው፤ የሙጫው ሽታ አፍንጫ ይሞላል። ሁለቱ ሽማግሌዎች አንዱ ሲለቅ ሌላው እየሳበ፣ ከሁለት ቦታ ቆርጠው ጉማጁን በእግራቸው ገፍተው ገደል ከተቱት። ሬናታ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዴም አልቆመችም። ከቋጥኙ ጥላ ሥር የተረፈ በረዶ በባርኔጣዋ እየዛቀች፣ እየተራመደች ጣሳዎቹ ላይ ትጭን ነበር። መዳፏ በገመዱ ተልጦ ደምቷል።

ሐይቁ ጋ የደረሱት ከቀትር በኋላ ነው። ቨርሊን ያንን ሐይቅ ስንት መቶ ጊዜ እንዳየው አያውቅም። የመጨረሻዋን ቁልቁለት ወርዶ ሲያየው ግን አዲስ ሆነበት። በሦስት በኩል ግራጫው ገደል ሰማይ ድረስ ቆሟል፤ በረዶው እላዩ ላይ ነው። ውሃው ከመጥራቱ የተነሳ ያለ አይመስልም፤ ሃያ ክንድ ታች ያለው ጠጠር እጅ ዘርግተው የሚያነሱት ይመስላል። በዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ አንድ ነፍስ አይንቀሳቀስም። እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ባዶውን ተቀምጦ ሰው ሲጠብቅ ማየት ያስፈራል። ቨርሊን ፈራ። ጋርላንድም ኮፍያውን አወለቀ።

አባቱ ቢሆን ኖሮ ጣሳውን ገልብጦ ይደፋ ነበር። ቅዝቃዜው ከግማሽ በላዩን ሲገድለው፣ የተረፈው ይበቃል ይል ነበር። ቨርሊን ግን ጣሳዎቹን ዳር ላይ አስቀምጦ የሐይቁን ውሃ በኩባያ፣ በኩባያ ጨመረባቸው። በሦስቱ ውስጥ ጫጩቶቹ ደህና ነበሩ። በአራተኛው ውስጥ ግን ሁሉም ከታች በጎናቸው ተኝተዋል።

ሬናታ አጎንብሳ አየችና፣ «ገና ነው፣ ቨርሊን። አይድፏቸው» አለችው።

ቨርሊን ቦት ጫማውን እንዳደረገ ውሃ ውስጥ ተንበረከከ። የጣሳውን ውሃ በመዳፉ እያነሳ ከላይ ያፈስ ጀመር፤ አየር እንዲገባበት። ወገቡን ሰቀዘው። ጣቶቹ ደነዘዙ። ጋርላንድ ደግሞ ሳይጠየቅ አጠገቡ ተንበርክኮ በዚያችው ባወለቃት ኮፍያ እየቀዳ ያንዶቀድቅ ጀመር። ግማሽ ሰዓት ሆናቸው። ቨርሊን በውስጡ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እባካችሁ፣ እባካችሁ።

አንዷ ክንፏን አርገበገበች። ቀስ ብላ በሆዷ ተገለበጠችና ቀና አለች። ቀጥሎ ሌላ፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ መቁጠር አልተቻለም።

ጣሳዎቹን በጎናቸው አጋደሙላቸው። ጫጩቶቹ ወጡ፤ ወደ ጥልቁ ግን አልሸሹም። እንደ አንድ ሰው ዞረው አፍንጫቸውን ከበረዶው ሥር የሚወርደው ጅረት ወደሚገባበት አቀኑ፤ ዘመዶቻቸው ከጥንት ጀምሮ ዕንቁላል ይጥሉበት ወደነበረው። ያን ቦታ አንዳቸውም አይተውት አያውቁም። ወላጆቻቸውም አያውቁትም። ቨርሊን ከዐይኑ የሚወርደውን ሳይጠርግ፣ ማን ነገራቸው እያለ አያቸው። ሃምሳ አምስት ዓመት ሙሉ የከበደው ነገር ከእነሱ ጋር ሲዋኝ ያየው መሰለው።

«ታዲያ መቼ ነው የሚጠመዱት?» አለ ጋርላንድ። ሬናታ ምናልባት ከስድስት ዓመት በኋላ አለችው። ጋርላንድ ቨርሊንን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «ያኔ ሰማንያ ሊሆነው ነዋ። ግድ የለም፣ አዝዬውም ቢሆን አመጣዋለሁ።»

ቨርሊን ከኋላው የኮቴ ድምፅ ሰምቶ ዞረ። ጭነቷ የወረደላት ሂልዳ ሣሩ ላይ ገመዷን እየጎተተች ትዞራለች፤ ቀኑን ሙሉ አትቁሚ ስትባል ውላ አሁን ማን ይንገራት። ሄዶ አንገቷን አቀፈ።

«በቃ፣ እናቴ» አላት። «አሁን መቆም ትችያለሽ።»

ቆመች። እሱም እግሯ ሥር ሣሩ ላይ ተቀመጠ።