የንፍሮው ገብስ

ኸዲጃ ከጋሸና ተነስታ፣ እኩሉን መንገድ በጭነት መኪና እኩሉን የኪራይ አህያ እየነዳች በእግሯ አድርጋ የባንችይርጋ ግቢ ስትደርስ፣ ሻሿን ከራሷ አውርዳ ወገቧን ጥብቅ አድርጋ አሰረችና ደረቷን መድቃት ጀመረች።

«ወይኔ ባንቺ! ወይኔ እህቴ! አፈር እንኳ ሳላለብስሽ!»

ባንችይርጋ ከጓሮ ጎመን ስትኮተኩት ነበር። ልቅሶውን እንደሰማች መኮትኮቻውን ጥላ እየሮጠች መጣች።

«ማን ሞተ?»

ኸዲጃ ዞር ስትል አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

«ኧረ ተናገሪ! አብዱልሀሚድ ነው? ባልሽ ምን ሆነብሽ?»

«አንቺ ነሻ የሞትሽው!» ብላ ጮኸችባት ኸዲጃ፤ መሬት ላይ ዝርፍጥ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ሾፌር ጋሸና ኸዲጃ ምግብ ቤት ምሳ ሲበላ፣ «የባንችይርጋ ተዝካር ወጥቶ ጠላ ስንጠጣ ሰነበትን» ብሎ አወራ። አልዋሸም። የቁም ተዝካር መሆኑን ግን አልተናገረም። ባንችይርጋ ልጅ የላትም። ባሏ አረጋ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ሲሞት መንደሩ ውስጥ ለንፍሮ የሚሆን አንድ እፍኝ እህል ጠፍቶ ቀባሪው ውሃ ጠጥቶ ነው የተበተነው። ተዝካርማ ማን አስቦት። ያ ነገር ከልቧ ስላልወጣ፣ ዝናቡ ተመልሶ ጎተራዋ ትንሽ ሲሞላ፣ ያላትን በሬ አሳርዳ፣ ጠላ ጠምቃ፣ ለአረጋም ለራሷም አንድ ላይ አወጣች። እሷ ስትሞት የሚያስታውስ አይኖርማ።

«ታዲያ ሰው በቁሙ የራሱን ተዝካር ይበላል?» አለች ኸዲጃ እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። አሁን ተናዳለች።

«እኔ አልበላሁም። ሳስተናግድ መቼ አፌ እህል ደረሰ።»

«ወላሂ፣ ሞተሽ ብትቆይኝ ይሻል ነበር!»

ሁለቱም ሳቁ። አህያዋ ላይ ጆንያ ተጭኗል።

«ይኸስ ምንድን ነው?»

«ገብስ ነዋ። ከኮን ገበያ የመጣ። የአረጋ ቀን ያየሁትን አይቼ፣ አንቺን ያለ ንፍሮ ላስቀብርሽ ኖሯል?»

ባንችይርጋ ፊቷን አዙራ ጆንያውን ከአህያዋ ላይ ማውረድ ጀመረች። ኸዲጃ በአንድ በኩል ያዘችላት። ጆንያው ግድግዳው ሥር ከተቀመጠ በኋላ ኸዲጃ ባዶውን ቤት ዞር ዞር ብላ አየች። ጋኑ የለም፤ ወንፊቱ የለም፤ ሁለተኛው ጋቢ የለም። ሁሉም በድግሱ ሰሞን ለጎረቤት ተሰጥቷል።

«እሺ፣ አሁንሳ ምን ትሠሪያለሽ?»

ባንችይርጋ ጆንያውን ደግፋ አቆመችው።

ከድግሱ ወዲህ እረፍት የነሳት ይኸው ጥያቄ ነው። ተዝካሯ ሲወጣ ሸክሟ የሚወርድላት፣ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ጸሐይ እየሞቀች ጥሪውን የምትጠብቅ መስሏት ነበር። አልሆነም። ቁጭ ስትል እግሯን ይበላታል። አጥሩን ታጥርና መልሳ ታፈርሰዋለች። ገነተ ማርያም ልትሳለም ወጥታ ከመንገድ ትመለሳለች፤ ቤት ስትደርስ ደግሞ ለምን እንደተመለሰች አታውቅም። ከሁሉ የከፋው ሰዉ ነው። ወንፊት የሚዋሳት የለም፤ ወንፊትም የላትም። የተጣላ አስታርቂን አይላትም። ይማርሽ የምትባል ጎረቤቷ ባንችይርጋን ስታልፍ ባየቻት ቁጥር፣ «እሰይ፣ ሟቿ ዛሬም ወጣች!» እያለች ትስቃለች። ለክፋት አይደለም።

ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር አድማሴ መጣ።

«እትዬ ባንችይርጋ፣ ስለ መሬትዎ ነበር። በድግሱ ቀን ‹ከእንግዲህ ከዚህ ዓለም የምፈልገው የለኝም› ብለዋል። ሕዝብ ሰምቷል።»

«ብያለሁ።»

«በሬም የለዎት፤ ዘርም የለዎት። ከፋለ አዲስ ጎጆ ወጥቶ ሚስቱ እርጉዝ ናት፤ መሬት የለውም። እሑድ ስብሰባ ላይ እናጸድቀዋለን።»

የዚያን ጊዜ «እሺ» ብላዋለች። እሺ ካለችበት ሰዓት ጀምሮ ግን በየቀኑ ማሳው ዳር ሄዳ ትቆማለች።

ኸዲጃ አንድ ቀን ውላ አድራ ተነሳች። ጆንያውን መልሳ እንድትጭን ብትለመን እምቢ አለች።

«ለለቅሶ ያመጣሁትን እህል ይዤ ብገባ አብዱልሀሚድ ምን ይለኛል? የፈለግሽውን አድርጊው። አብሽሪ፣ አይዞሽ።»

ቅዳሜ ባንችይርጋ የነፍስ አባቷን መምሬ ጥሩሰውን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ አገኘቻቸው።

«አባቴ፣ ተዝካሩ የወጣለት ሰው የሚኖረው ለምንድን ነው?»

መምሬ ጥሩሰው መቋሚያቸውን ተደገፉ።

«ተዝካሩ ያልወጣለትስ?» አሉ።

«እሱንማ እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ።»

«እኔ እንጃ፣ ልጄ። እኔም ሌሊት ስነሳ ይህንኑ እላለሁ። ከዚያ ደወሉ ይመታል፤ ጫማዬን ስፈልግ እረሳዋለሁ።»

ተናዳ ተመለሰች። ቄስ እንዲህ ይመልሳል? ቤቷ ገብታ፣ ንፍሮ አፍልታ ለአላፊ አግዳሚ ሰጥታ ከዚህ ጆንያ ልትገላገል አሰበችና ገብሱን ሰፌድ ላይ ዘረገፈችው። መልቀም ጀመረች። አንዷን ፍሬ አነሳችና በጥርሷ ሰበረቻት፤ አልነቀዘችም። ሙሉ ሙሉውን ወደ ቀኝ፣ የቀጨጨውን ወደ ግራ ታደርጋለች። ጸሐይዋ ወደ ማዘቅዘቁ ስትል ነው እጇን ልብ ብላ ያየችው። ለንፍሮ እንዲህ አይለቀምም። እንዲህ የሚለቀመው ለዘር ነው።

እጇን ከሰፌዱ ላይ አነሳች። እንደ ሌባ ደንግጣ ወደ በሩ አየች። ማንም አልነበረም። የቀጨጨውን ወደ ድስቱ ጨምራ ሙሉውን ወደ ጆንያው መለሰችው።

እሑድ ስብሰባው ግራሩ ሥር ነበር። አድማሴ የከፋለን ጉዳይ ሲያነሳ ባንችይርጋ ከሴቶቹ መሀል ተነሳች።

«መሬቴን አልለቅም። ማኅበሩ ለአቅመ ደካሞች ያርሳል ብላችኋል፤ ይታረስልኝ። ዘር አለኝ።»

«እትዬ፣ እሺ ብለውኝ የለም እንዴ?»

«ብዬህ ነበር። ተሳስቻለሁ።»

«ታዲያ እርስዎን የት እንመዝግብዎ?» አለ አድማሴ፤ «ከደካሞቹ ነው ከሟቾቹ?»

ሰዉ ሳቀ። ይማርሽ ከሁሉም በላይ ሳቀች።

«ደካማ ነኝ» አለች ባንችይርጋ። «ሞቼ ግን አላውቅም። ስሞት ደግሞ ጠላ አትጠብቁ፤ ጠጥታችሁታል።»

አሁን ሳቁ ሌላ ሆነ። ከፋለ ብቻ አልሳቀም። አንገቱን ደፍቶ በሚይዛት ዱላ መሬቱን ይጭራል። ሚስቱ ከኋላ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ባንችይርጋ አየቻትና ቁጭ አለች፤ ተመልሳ ተነሳች።

«ከሁለቱ ማሳዬ የታችኛውን ይውሰድ» አለች። «ወንዝ ዳሩን። የላይኛው ይበቃኛል።»

የታችኛው የተሻለው አፈር ነው፤ ሁሉም ያውቃል። አድማሴ እጅ አስወጣ፤ ጸደቀ።

ከፋለ ሐሙስ ጠዋት የማኅበሩን በሬዎች ጠምዶ መጣ። መጀመሪያ የእሷን አረሰ፤ ገብሱም ተዘራ።