የክሪኬተኛው ወንድም

ሚስተር ኦርቪል ምሳቸውን የሚጠብቁት ቴሌቪዥኑን እየተሳደቡ ነው።

«እስቲ ይሄን ተዋናይ እዪው! ዱላውን እኮ እንደ መጥረጊያ ነው የያዘው። የሺ፣ አንቺ ትሻያለሽ።»

«እኔማ መጥረጊያ መያዝ ሙያዬ ነው» አለች የሺእመቤት፣ ሾርባውን እያማሰለች።

እኚህን የባርቤዶስ ሽማግሌ በሰው አገር፣ ሮዝዌል ከተማ ባለው ቤታቸው መንከባከብ ከጀመረች ቆይታለች። ክሪኬት የሚባለው ጨዋታ ግን እስካሁን አልገባትም፤ ሰው ነጭ ለብሶ ቀኑን ሙሉ የሚቆምበት ነገር ይመስላታል። ሽማግሌው የሚያዩት ድራማ ግን ገብቷታል። አንድ አውስትራሊያዊ ባለጸጋ ከክሪኬት ማኅበሩ ጋር ተጣልቶ የራሱን ውድድር ያቋቁማል፤ የታወቁ ተጫዋቾችን በድብቅ ያስፈርምና በባለቀለም ልብስ፣ ማታ በመብራት ያጫውታቸዋል። ታሪኩ እውነተኛ ነው፤ ሚስተር ኦርቪልም በወጣትነታቸው ከፈረሙት አንዱ ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው ሴድሪክ ግን ከአገሩ ቡድን ንቅንቅ አላለም። «ራስህን ሸጥክ» አላቸው፤ «አንተ ፈሪ ነህ» አሉት። ከዚያ ወዲህ፣ በእናታቸው ቀብር ላይ እንኳ፣ አልተነጋገሩም።

ትናንት የመጀመሪያውን ክፍል ሲያዩ ሽማግሌው አለቀሱ። «ነገ ሁለተኛው ክፍል ሲያልቅ እደውልለታለሁ» አሉ። «ያናግረኝ አያናግረኝ እንጃ። እስቲ ጸልዪልኝ።» የሺእመቤትም ዛሬ ጠዋት የሁለቱንም ስም በጸሎቷ አንስታ ነበር የወጣችው።

ሾርባው ሳይወጣ ስልኳ ጠራ። የሽማግሌው ልጅ ሚካኤላ ናት፤ ነርስ ናት።

«የሺ፣ የአጎቴ ልጅ ከባርቤዶስ ደወለ። አጎቴ በጣም ታሟል። አባዬ አሁኑኑ ይደውልለት፣ ኦኬ? እኔ ኦፕሬሽን ልገባ ስለሆነ ስልኬ ይዘጋል። እንደጨረስኩ እመጣለሁ።»

የሺእመቤት ማማሰያውን አስቀመጠች። በጣም ታሟል። የገዛ አባቷ የሞቱ ጊዜም «ትንሽ አሟቸዋል» ነበር የተባለችው፤ በማግስቱ ማለዳ ሽማግሌዎች በሯን ሲያንኳኩ ነው የገባት። መርዶ እንዲህ ነው የሚጀመረው፣ ለሰው ልብ የሚያስብ ሰው ሲጀምረው።

ጓሮ ወጥታ ባሏ ጋ ደወለች። ግሩም ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ኢስት ፖይንት፣ ታክሲውን አቁሞ ተሳፋሪ ይጠብቃል።

«እህሳ፣ ክሪኬቱን ማን አሸነፈ?»

«ቀልዱን ተወው። የሚስተር ኦርቪል ወንድም በጣም ታሟል አለችኝ ልጅቷ።»

«ውይ! ነፍስ ይማር። መቼ አረፈ?»

«አልነገረችኝም። አባቷ ይደውሉለት ነው የምትለው።»

«መርዶ በስልክ? ልባቸው ደካማ አይደለም እንዴ? የዚህ አገር ሰው እኮ ጉድ ነው! አደራሽን የሺ፣ መጀመሪያ እህል ይቅመሱ። ልጅቷ ትምጣና አጠገባቸው ሆና ትንገራቸው።»

«እኔም እንዲሁ ነው ያሰብኩት።»

ሚስተር ኦርቪል ሾርባውን ጥርግ አድርገው በሉ። ድራማው አለቀ።

«በይ ስልኩን አቀብዪኝ።»

«ሚካኤላ ስትመጣ ብንደውል አይሻልም?» አለች፣ ዓይናቸውን ሳታይ። «እሷም አጎቷን ታናግር።»

«ፈራ ብለሽ ነው አይደል?» ሳቁ። «ፈርቻለሁ። እሺ፣ አንቺ ካልሽ ትምጣ። እስከዚያ ጺሜን ላጪኝ፤ በቪዲዮ ያየኝ ይሆናል።»

ላጨቻቸው። እንባዋ ሲመጣባት ወደ መታጠቢያው ዞር እያለች ምላጩን ታጥበዋለች።

ሚካኤላ የመጣችው አመሻሹ ላይ ነው። ፊቷ አብጧል። የሺእመቤት በር ላይ ተቀበለቻት፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች።

«አወሩ?» አለች ሚካኤላ።

«እነማን?»

«አባዬና አጎቴ ነዋ! አሁን በመንገድ ላይ ነው የነገሩኝ፤ ካረፈ አንድ ሰዓት አልሞላውም። ከሰዓቱን በሙሉ ስልኩን ደረቱ ላይ አድርጎ 'ኦርቪል ደወለ?' ሲል ነበር አሉ።»

የሺእመቤት ያዘቀዘቀችውን ነጠላ ያዝ አደረገች። «እኔ እኮ... ሞተዋል ብዬ ነው።»

«ታሟል ነው ያልኩሽ!»

«እኛ ዘንድ ሲሞት ነው እንደዚያ የሚባለው።»

የተሽከርካሪ ወንበሩ ድምፅ ተሰማ። ሚስተር ኦርቪል ከኋላቸው ነበሩ። ሁሉንም ሰምተዋል። የሺእመቤት እግራቸው ሥር ተደፋች።

«እንዳይደነግጡብኝ ብዬ... እህል ሳይቀምሱ እንዳይሰሙ ብዬ...»

ሽማግሌው ልጃቸውን እንጂ እሷን አላዩም።

«ጠብቆኝ ነበር?»

«አዎ አባዬ።»

«ምን ሊለኝ?»

«አልነገሩኝም» አለች ሚካኤላ። ሽማግሌው እጃቸውን የሺእመቤት ራስ ላይ አሳረፉ። ይቅር ሊሏት ይሁን ገፍተው ሊያስነሷት አላወቀችም፤ እጁ ከባድ ነበር፣ ቀና ብላ ለማየትም አልደፈረችም።