ጥጉ ያልተቆረጠው ኩፖን

ሰፈሩ መጽሐፍ ጠራዧን «ባንኳ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ሰዓት ሠሪው ባሏ ነው፤ ሰውዬው ከእጁ ይልቅ ምላሱ ይፈጥናል። «እኛ ቤት ገንዘብ ሞልቷል» ይላል ለመጣ እንግዳ ሁሉ፤ «የጠፋው የሚቀበለን ባለሱቅ ነው።» እውነቱን ነው። ዘመን ያለፈባቸው የብር ኖቶች፣ የከሰሩ ኩባንያዎች ለሠራተኞቻቸው ያሳተሟቸው ኩፖኖች፣ ሁሉም ባንኳ ራሷ በጠረዘችው አልበም ውስጥ በየኪሳቸው ተኝተዋል። ሥጋ ቤት ይዛቸው ብትሄድ አጥንት አይገዙላትም።

እሷን እንቅልፍ የሚነሳት ግን ባዶ የቀረው አንድ ኪስ ነው። የከተማው የክር ፋብሪካ በደጉ ዘመኑ የደሞዙን ግማሽ የሚከፍለው በኩፖን ነበር፤ ኩፖኑም የሚሠራው በፋብሪካው ሱቅ ብቻ። ባለሱቁ ዕቃ በሸጠ ቁጥር የኩፖኑን የቀኝ ጥግ በመቀስ ቆርጦ ይጥለዋል፣ ዳግመኛ እንዳይገዛበት። ስለዚህ እስከዛሬ የተገኙት ሁሉ ጥግ የላቸውም። እዚያ ጥግ ላይ ምን እንደታተመ የሚያውቅ ሰብሳቢ የለም። ባንኳ «አንድ ሙሉውን ሳላገኝ አልሞትም» ብላ ምላለች።

«ታዲያ ለምን ትፈልጊዋለሽ?» ይላታል ባሏ። «አታግኚውና ኑሪ።»

አንድ ቀን መዝገበ ቃላት ሊያስጠርዝ የመጣ መምህር፣ በፋብሪካው ክር ፈታይ የነበሩ አሮጊት ጎረቤቱ አንዱን ኩፖን በመስታወት አስገብተው ግድግዳ ላይ እንደሰቀሉት ጣል አደረገላት። ባንኳ በማግስቱ በር አንኳኳች።

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። ኩፖኑ ከአልጋው በላይ ተሰቅሏል፤ አራቱም ጥጎቹ አሉ። በቀኙ ጥግ በምንቃሯ ክር የያዘች ትንሽ ወፍ ታትማለች። ባንኳ ቦርሳዋን ከፈተች።

«እማማ፣ የጠሩትን እከፍላለሁ።»

«ገንዘብ አልፈልግም» አሉ አሮጊቷ። «እሱ ብርድ ልብስ ነው።»

ባንኳ ግራ ሲገባት አሮጊቷ ቀጠሉ። «ግራጫ ሱፍ፣ ዳርና ዳሩ ቀይ መስመር ያለው። ሱቁ መስኮት ላይ ተሰቅሎ ስመኘው ከረምኩ። እሱን የሚያስገዛ ትልቅ ኩፖን ተቀብዬ እየሮጥኩ ብሄድ፣ በሩ ታሽጓል። ፋብሪካው ከስሯል። ልጄ ያን ብርድ በጆንያ አለፈው።»

«ልጅዎ አሁን የት ነው?»

«ደህና ነው፣ ወልዶ ከብዷል። እሱማ ረስቶታል። እስከዛሬ የበረደኝ እኔን ነው።» ቀና ብለው ኩፖኑን አዩት። «ብርድ ልብሴን አምጪና ውሰጂው።»

ባንኳ ነገሩ በእጇ የገባ መሰላት። በማግስቱ ባለ አበባ፣ ወፍራም፣ የሚያምር ብርድ ልብስ ይዛ ከች አለች። አሮጊቷ ጫፉን በሁለት ጣታቸው አሸት አደረጉት። ዕድሜውን ሙሉ ክር የፈተለ ጣት አይታለልም።

«ይሄ ሱፍ አይደለም። ቀዩ መስመርስ የታለ?» አጣጥፈው መለሱላት።

«ተይው በቃ» አለ ባሏ ማታ። «የሳቸውም ያንቺም ነገር ላም አለኝ በሰማይ ነው።»

«አመጣዋለሁ!» አለች ባንኳ፤ ደሟ ፈልቷል። ወረቀት ስታድን የኖረች ሴት ለብርድ ልብስ ታንሳለች? አሮጌ ዕቃ ሻጮችን አዳረሰች፣ ፍራሽ ሰፊዎችን ጠየቀች፣ የፋብሪካውን ጡረተኞች አንድ በአንድ አስቸገረች። አንዳንዱ ገና ከሩቅ ሲያያት መንገድ ይቀይር ጀመር። በመጨረሻ የፋብሪካው የድሮ ዘበኛ ቤት ስትደርስ በሩ ላይ የተጋረደው መጋረጃ ግራጫ ነው፤ ቀይ መስመርም አለው።

ባለ አበባውን ሰጥታ ለወጠችው። «ምነው ቶሎ በመጣሽ ኖሮ!» አለ ዘበኛው፣ አዲሱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ እየተጀነነ። እሷም ግራጫውን አጠበችው፣ የተተረተረ ዳሩን በመጠረዣ ክር ሰፋችው።

አሮጊቷ ብርድ ልብሱን አሹት፣ አሸተቱት፣ ቀዩን መስመር በጣታቸው ተከተሉት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያ ኩፖኑን ከመስታወቱ አወጡና ከመቀስ ጋር አቀረቡላት።

«ቁረጪ።»

«እማማ! እኔ የደከምኩት ሳይቆረጥ ላገኘው ነው እኮ!»

«ካልተቆረጠ አልተገዛበትም። እኔ ሠርቼ ባገኘሁት ነው የምገዛው፤ ምጽዋት አልለበስኩም፣ አልለብስም። ዛሬ ባለሱቋ አንቺ ነሽ።»

ባንኳ መቀሱን በእጇ ያዘች። ይህ እጅ የወረቀት ጫፍ ሲታጠፍ እንኳ የሚያመው እጅ ነው። ልትለምን አፏን ከፈተች። አሮጊቷ ብርድ ልብሱን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ይጠብቃሉ፤ አልገለጡትም፣ አልደረቡትም። ሱቁ በር ላይ እንደቆመች ወጣት እናት ይጠብቃሉ። ባንኳ ይህን ስታይ አንጀቷ አልቻለም።

ቆረጠችው። ወፏ መዳፏ ላይ ወደቀች። አሮጊቷ ያን ጊዜ ብርድ ልብሱን ዘርግተው እስከ አገጫቸው ተሸፋፈኑ።

ቤት ስትደርስ ባሏ የሰዓት ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ኩፖኑንና ወፏን ገጥሞ አያቸው። ለአንድ አፍታ ቀልዱ ጠፋበት።

«ምን ቸገረሽ? በስስ ወረቀት ለጥፊው። ያንቺን እጅ አውቀዋለሁ፤ እኔ እንኳ በዚህ ማጉያ አልለየውም።»

«አልለጥፈውም።»

«ስንት ዓመት ስትፈልጊው ኖረሽ?»

«ተገዝቶበታላ!» አለች ባንኳ። ኩፖኑን ባዶ ወደነበረው ኪስ፣ ወፏን ደግሞ ለብቻዋ ሌላ ኪስ ውስጥ ከተተችና አልበሙን ዘጋች። እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም።

ባሏ ማጉያውን አውልቆ አጠገቧ ተቀመጠ።

«ታዲያ ሙሉውን አላገኘሽም ማለት ነው?»

«አላገኘሁም።»

«ተመስገን» አለ እጇን ይዞ። «ገና ትኖሪልኛለሽ።»